አረጋውያንን በቤት ውስጥ መንከባከብ፦ ክብራቸውንና ውሳኔያቸውን ጠብቆ ለመርዳት የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ 1 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ቁጥር በ2030 ወደ 1.4 ቢሊዮን፣ በ2050 ደግሞ ወደ 2.1 ቢሊዮን ከፍ እንደሚል ይገምታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ቀድሞ የሚደርሰው በአብዛኛው ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ እኅት፣ ወንድም ወይም የልጅ ልጅ ነው። ይህ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያለ ሥልጠና፣ ከአንድ ድንገተኛ ሕመም ወይም ከአንድ ክፉ አወዳደቅ ማግስት ስለሆነ በጭንቀት ተነሣሥቶ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ በራሱ እጅ ለማድረግ ይቸኩላል። የጓዳው ሥራ፣ የገንዘቡ ጉዳይ፣ የመኝታው ሰዓት፣ የልብሱ ምርጫ ሳይቀር ከአረጋዊው እጅ ይወጣል።

እንዲህ ዓይነቱ ጥድፊያ ከቅን ልብ ቢመነጭም የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው ነበር። የመጀመሪያው ቡድን አባላት የክፍላቸውን አደረጃጀትና የጊዜያቸውን አጠቃቀም የሚወስኑት ራሳቸው እንደሆኑ ተነግሯቸው፣ ራሳቸው የሚንከባከቡት አንድ ተክል ተሰጣቸው። የሁለተኛው ቡድን አባላትም ተክል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ነገር ግን የሚያጠጡላቸው ሠራተኞቹ እንደሆኑና ሠራተኞቹ ለእነርሱ ምቾት ኃላፊነት እንዳለባቸው ተነገራቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ያካተተው ጥቂት ሰዎችን ቢሆንም፣ የሚያመለክተው ነገር አረጋውያንን ቀርቦ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ አይደለም፤ ለዚህም ነው በዚህ መመሪያ ውስጥ በእያንዳንዱ ደረጃ «ይህን ነገር ራሳቸው የሚያከናውኑበት መንገድ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ የሚነሣው።

ደረጃ 1፦ ከመርዳት በፊት መጠየቅና ማስተዋል

መጀመሪያ ቁጭ ብለው ያነጋግሩ። ቀኑን የሚያከብደው ነገር ምን እንደሆነ፣ ማንም እንዲነካባቸው የማይፈልጉት ነገር ምን እንደሆነ፣ እርዳታ ቢያስፈልግ ከማን ማግኘት እንደሚመርጡ ይጠይቁ። ንግግሩን ቸኩለው ሌሎች ዘመዶች በተሰበሰቡበት ቦታ አያድርጉት፤ ሰው በብዙ ዓይን ፊት ድካሙን መናገር አይወድም። «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» የሚል መልስ ካገኙ ጉዳዩን ለጊዜው ትተው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አብረው ሲሠሩ ወይም ሲራመዱ እንደገና ያንሡት።

ከንግግሩ ጎን ለጎን በማስተዋል የሚገኝ መረጃ አለ። ሐኪም የሆነው ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመውና እስከ አሁን በጤና ተቋማት የሚሠራበት መለኪያ ስድስት የዕለት ተዕለት ተግባራትን ይመለከታል፦ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወይም ከወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ እንዲሁም መመገብ ናቸው። ላውተንና ብሮዲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 ያወጡት ሌላ መለኪያ ደግሞ ስልክ መጠቀምን፣ መገበያየትን፣ ምግብ ማዘጋጀትን፣ ቤት መያዝን፣ ልብስ ማጠብን፣ መጓጓዝን፣ መድኃኒት በሥርዓት መውሰድንና ገንዘብ ማስተዳደርን ይመለከታል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚዳከሙት የሁለተኛው መለኪያ ተግባራት ስለሆኑ፣ ያልተከፈለ ሂሳብ ወይም የተደበላለቀ መድኃኒት ገላ መታጠብ ከማቃቱ በፊት የሚታይ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ተግባራት በወረቀት ላይ ዘርዝረው ለአንድ ሳምንት ያህል በጸጥታ ይከታተሉና በእያንዳንዱ ትይዩ ከሦስት አንዱን ይጻፉ፦ ብቻቸውን ይችላሉ፣ በጥቂት እገዛ ይችላሉ፣ ሌላ ሰው ሊሠራላቸው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሸሚዝ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው ሰው መልበስ ይችላሉ፤ የቸገረው የእኛ ትዕግሥት ነው። ስለዚህ «ቀርፋፋ» የሚለውን «አይችሉም» ከሚለው ጋር አያምታቱ።

ደረጃ 2፦ ውሳኔውን ከባለቤቱ ጋር ማቆየት

ሰው እርጅናን የሚያስብበት መንገድ በጤናው ላይ ጫና አለው። ቤካ ሌቪ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ለረጅም ዓመታት ክትትል የተደረገባቸውን 660 ሰዎች መረጃ መርምረው በ2002 እንዳሳተሙት፣ ስለራሳቸው እርጅና በጎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች አሉታዊ አመለካከት ከነበራቸው ይልቅ በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ ኖረዋል። ይህ አመለካከት ከአየር ላይ የሚመጣ አይደለም፤ ቤተሰቡ በየቀኑ በሚያሳየው አያያዝ ይበረታል ወይም ይሸረሸራል።

በተግባር ሲታይ ነገሩ ትናንሽ ልማዶችን ማረምን ይጠይቃል። ሐኪም ዘንድ አብረው ሲሄዱ ጥያቄው ለአረጋዊው ከቀረበ መልሱን ለእርሳቸው ይተዉ፤ የተረሳ ነገር ካለ «ስለ ሌሊቱ ማዞርም ይንገሯቸው» ብለው ያስታውሱ እንጂ በእርሳቸው ፈንታ አይናገሩ። እርሳቸው ተቀምጠው እየሰሙ ስለ እርሳቸው በሦስተኛ ወገን አያውሩ። ለሕፃን በሚነገር ድምፅና ቃል አያነጋግሯቸው። «ዛሬ ይታጠባሉ» ከማለት «አሁን ይታጠቡ ወይስ ከምሳ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይወስድም፤ ነገር ግን ሰውየው በራሳቸው አካል ላይ ያላቸውን ሥልጣን ይጠብቃል።

ውሳኔያቸው ስሕተት መስሎ ሲታየን ምን እናድርግ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። የማመዛዘን ችሎታቸው ያልተጓደለ አዋቂ ሰው እኛ የማንስማማበትን ነገር የመምረጥ መብት አላቸው፤ ብቻቸውን መራመድን መምረጥ የመውደቅ አደጋ አለው፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥም ጡንቻንና መንፈስን የሚያደክም አደጋ አለው። አደጋውን በግልጽ ነግሮ፣ የሚቀንስበትን መንገድ አብሮ ፈልጎ፣ የቀረውን መቀበል ይሻላል። ጣልቃ መግባት ተገቢ የሚሆነው ጉዳቱ ከባድና ቅርብ ሲሆን ወይም የማመዛዘን ችሎታው በሕመም ምክንያት እንደተጓደለ በሐኪም ሲረጋገጥ ነው።

ደረጃ 3፦ ሥራውን በቤተሰቡ ውስጥ ማከፋፈል

ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት እንኳ ጫናው ቀስ በቀስ በአንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም በቅርብ በምትኖር ሴት ልጅ ላይ ያርፋል። ይህ እንዳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ አረጋዊው ራሳቸው የሚገኙበት ስብሰባ አድርጉ። በደረጃ 1 የተዘጋጀውን ዝርዝር መሠረት አድርጋችሁ ማን ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስፍሩ። ሩቅ የሚኖር ሰው ሂሳብ መክፈል፣ የሐኪም ቀጠሮ መያዝ፣ በየቀኑ መደወል፣ ዋናው ተንከባካቢ የሚያርፍበትን ሳምንት መጥቶ መሸፈን ይችላል። ከሐኪሞች ጋር የሚነጋገረው ግን አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ መልእክት ይዘው ሲመለሱ የሚፈጠረው ግርግር መጨረሻ የለውም።

ደረጃ 4፦ ከመውደቅ መጠበቅ

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ባለማሰብ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል ከትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሕይወት የሚቀጥፈው መውደቅ ሲሆን፣ ለሞት ከሚያበቁት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የሚደርሰው ነው። በሕይወት የተረፉትም ቢሆኑ የዳሌ አጥንት ስብራት ከደረሰባቸው ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ አካሄዳቸው አይመለሱም። ስለዚህ ለዚህ ደረጃ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ቢሰጡት አይቆጭዎትም።

ቤቱን ከአልጋ ጀምረው ይፈትሹ፤ ምክንያቱም ብዙ አወዳደቅ የሚደርሰው በሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲኬድ ነው። የአልጋው ከፍታ አረጋዊው ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ የሁለቱም እግሮቻቸው መዳፍ መሬት የሚነካና ጉልበታቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን የሚታጠፍ መሆን አለበት። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው መንገድ ሌሊቱን የሚበራ ደብዛዛ መብራት ይኑረው። ልቅ ምንጣፎችን ያንሡ፤ የኤሌክትሪክ ገመዶችን ከመተላለፊያ ያርቁ። በመታጠቢያና በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ብረት ያስገጥሙ፤ የፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት አይችልም። የሚንሸራተት ወለል ላይ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ቆሞ መታጠብ ለሚያደክማቸው ሰው ውኃ የማያበላሸው ጠንካራ ወንበር ያስቀምጡ። ደረጃ ካለ የእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ከሌላው በተለየ ቀለም ቢቀባ ለደከመ ዓይን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቤት ውስጥ ጫማም ተረከዙ ክፍት ያልሆነና ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን።

ሁለተኛው ሥራ ሰውነትን መመልከት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው በድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ከቆሙ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከቀነሰ ሐኪም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ ከእንቅልፍ ሲነቁ መጀመሪያ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲቆዩ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ እንዲነሡ ያስለምዱ። ቀላል መመዘኛም አለ፦ ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር በተለመደ አካሄዳቸው ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ያለውን ጊዜ ይለኩ፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ሥጋታቸው ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል የአካል ሕክምና ባለሙያ ቢያያቸው ይመረጣል።

ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ቁመቱ እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው ሲቆሙ እስከ እጅ አንጓቸው ድረስ መድረስ አለበት፤ የሚያዘውም በደካማው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ደግሞ ደካማው። ከአባት የተወረሰ ወይም ከሌላ ሰው የተገኘ ምርኩዝ ሳይለካ ሲያዝ ራሱ የመውደቅ ምክንያት ይሆናል።

ከወደቁ ቸኩለው አያንሡ። ሕመሙ የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንድ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ወይም ዳሌ አካባቢ ከባድ ሕመም ካለ ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ ይጥሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ ምንም ባይሰማቸው እንኳ በዚያው ቀን በሐኪም መታየት አለባቸው፤ በጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክቱን ዘግይቶ ሊያሳይ ይችላል። ምንም ባይጎዱም ደግሞ የውድቀት ፍርሃቱን ችላ አይበሉት። ፈርቶ መራመድ ያቆመ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ይህም ለሚቀጥለው ውድቀት ይበልጥ ያጋልጠዋል።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቶችን መቆጣጠር

በእርጅና ጊዜ ኩላሊትና ጉበት መድኃኒትን የሚያስወግዱበት ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ተስማሚ የነበረ መጠን በ80 ዓመት ሊበዛ ይችላል። በዚያ ላይ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት በአንድ ላይ መውሰድ የተለመደ ነው። ማርክ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለአረጋውያን አጠያያቂ የሆኑ መድኃኒቶችን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ይህን ችግር አይቶ ነው፤ ዝርዝሩ እስከ ዛሬ በየጊዜው እየታደሰ ይሠራበታል።

በቤት ውስጥ ያለውን ማንኛውንም መድኃኒት፣ ቫይታሚንና የዕፅዋት ውጤት ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ሰብስበው ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲ ባለሙያው ይውሰዱ። ስለ እያንዳንዱ ለምን እንደታዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ፣ ከሌላው ጋር ይጋጭ እንደሆነ፣ ሊቀነስ ወይም ሊቆም ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። በተለይ ሦስት ዓይነቶችን ልብ ይበሉ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ማዘዣ ስለሚገኙ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ሊያስከትሉ፣ የደም ግፊትንም ሊያባብሱ ይችላሉ። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶች ለውድቀትና ለግራ መጋባት ያጋልጣሉ። አንዳንድ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶችም አእምሮን ያደበዝዛሉ፣ ሽንትንም ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ወጥመድ አለ፦ አንድ መድኃኒት ያመጣው የጎንዮሽ ጉዳት አዲስ ሕመም መስሎ ይታይና ለእርሱ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። አዲስ ምልክት ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «በቅርቡ የተጀመረ ወይም መጠኑ የተቀየረ መድኃኒት አለ?» የሚለው ይሁን። ይህ ማለት ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ማለት አይደለም፤ በድንገት ሲቆሙ አደጋ የሚያደርሱ መድኃኒቶች አሉ። ክኒን መዋጥ ካስቸገራቸውም ከመጨፍለቅዎ በፊት ባለሙያ ይጠይቁ፤ ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ ክኒኖች ሲፈጩ ሙሉ መጠናቸው በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ይገባል። ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ የክኒን ሣጥን ቢዘጋጅ ደግሞ አረጋዊው ራሳቸው መድኃኒታቸውን መውሰድ ይችላሉ፤ የእርስዎ ሥራ በሳምንት አንድ ጊዜ አብሮ መሙላትና ማየት ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ምግብ፣ ውኃና እንቅስቃሴ

የጥማት ስሜት በእርጅና ስለሚቀንስ «ሲጠማቸው ይጠጣሉ» ብሎ መጠበቅ አይሠራም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮ ሐኪም ካልገደበ በስተቀር ውኃ በእጃቸው አቅራቢያ ሁልጊዜ ይኑር፤ በየምግቡና በየመድኃኒቱ ሰዓትም ይቅረብ። አንዳንዶች በሌሊት ላለመነሣት ወይም እንዳያመልጣቸው ፈርተው ሆን ብለው ውኃ ይቀንሳሉ፤ መፍትሔው አብዛኛውን ፈሳሽ ከቀትር በፊትና ከሰዓት በኋላ ማድረግና የሽንቱን ችግር ማሳከም ነው። ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከእርጅና ጋር የመጣ ዕጣ ተደርጎ ቢታለፍም ብዙ ጊዜ የሚታከም ነገር ነው።

ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የመስኩ ባለሙያዎች ለጤነኛ አረጋዊ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፣ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ይሆናል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪም ጋር መወሰን አለበት። ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ለምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ፣ ምክንያቱ መመርመር ያለበት ምልክት ነው፤ ምክንያቱ የታመመ ጥርስ፣ ድብርት ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሲበሉ የሚያስላቸው ወይም ትን የሚላቸው ከሆነ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ ይመገቡ፤ ከተመገቡ በኋላም ወዲያው አይጋደሙ።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ እንዲጨምሩበት ይመክራል። ይህን ያህል የማይችሉም በአቅማቸው ይንቀሳቀሱ፤ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥን መደጋገም ብቻውን ጥሩ ጅምር ነው።

ደረጃ 7፦ ዓይንና ጆሮ

«ዘነጉ፣ ነገር አይገባቸውም» ከተባሉት ሰዎች መካከል እውነተኛው ችግራቸው አለመስማት የሆነ አሉ። በእርጅና የሚመጣው የመስማት ድካም ቀጫጭን ድምፆችን ስለሚያጠፋ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ስለዚህ መጮኽ አይረዳም፤ እንዲያውም የቁጣ ያስመስላል። ፊት ለፊት ሆነው፣ ከንፈርዎ በሚታይበት ብርሃን፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዘግተው፣ ረጋ ባለ ወፈር ያለ ድምፅ ይናገሩ። ያልተሰማውን ዓረፍተ ነገር ከመደጋገም በሌላ ቃል ይበሉት። ጆሮ በኩክ ብቻ ሊዘጋ ስለሚችል መጀመሪያ ይታይ፤ ከዚያ የመስሚያ መሣሪያ ይታሰብ። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ደረጃ 8፦ የሰውነት ንጽሕናና አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች

ገላ በማጠብ ጊዜ የማይታጠበውን የሰውነት ክፍል በፎጣ ይሸፍኑ፤ ውኃውን በእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ክፍል ይለኩ፤ የሚችሉትን ራሳቸው እንዲያጥቡ ሳሙናውን ለእርሳቸው ይስጡ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ ይጽዳ።

ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ ሰዎች ትልቁ ሥጋት የአልጋ ቁስል ነው። ቁስሉ የሚፈጠረው የሰውነት ክብደት አጥንት ወጣ ባለበት ቦታ ላይ ደም እንዳይደርስ ሲያግድ ስለሆነ፣ የጅራት አጥንት አካባቢ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርንና የትከሻ አጥንት በየቀኑ መታየት አለባቸው። በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ አቀማመጣቸው ይቀየር፤ በጎን ሲያስተኙም ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ ከማሳረፍ ከጀርባ በትራስ ደግፈው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብሏቸው። ከባት ሥር ትራስ አድርገው ተረከዙ ከፍራሹ እንዲነሣ ያድርጉ። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ መቀመጫ አይጠቀሙ፤ በዙሪያው ያለውን የደም ዝውውር ይገታል። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ነው ይባላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ስለማይለይ በጣት ዳብሰው ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ መኖሩን ይፈትሹ። እንዲህ ያለውን ቦታ አያሹት፤ ከጫና ያሳርፉትና ነርስ ያማክሩ።

ደረጃ 9፦ የአእምሮ ለውጦችን መለየት

እዚህ ላይ ቤተሰቦች በአብዛኛው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «መጃጀት» በሚል አንድ ስም ይጠሯቸዋል። የመጀመሪያው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የሚመጣ ግራ መጋባት ነው፦ ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ቦታና ጊዜ ይጠፋባቸዋል፣ ይቃዣሉ ወይም ያለወትሯቸው ይደነዝዛሉ። ይህ ሕክምና በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ነው፤ ከጀርባው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በአረጋውያን ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊከሰት ስለሚችል «ትኩሳት የለባቸውም» ብለው አይዘናጉ። የፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ የአንድ እጅ መስነፍ ወይም የንግግር መተሳሰር በድንገት ከመጣ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነውና።

ሁለተኛው ድብርት ነው። በአረጋውያን ዘንድ ከኀዘን ይልቅ በምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም፣ በእንቅልፍ መዛባትና ከሰው በመራቅ ይገለጣል። ይታከማል።

ሦስተኛው በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ የሚጠነክረው የመርሳት በሽታ ሲሆን፣ በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከእርሱ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር የተባለው ዓይነት ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር በእውነት ጉዳይ አይከራከሩ። ከሞቱ ዓመታት ያለፉትን እናታቸውን ሲጠሩ «ሞታለች» ብሎ በየጊዜው ማርዳት ኀዘኑን በየቀኑ እንደ አዲስ ማምጣት ነው፤ «ስለ እናትዎ ይንገሩኝ» ማለት ስሜቱን ያረጋጋል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ የቀኑን ሥርዓት አይቀያይሩ። አመሻሽ ላይ መረበሽ ከበዛ መብራት ቀደም ብሎ ይብራ፣ ግርግር ይቀነስ።

ደረጃ 10፦ በቤትና በማኅበረሰቡ ውስጥ ቦታቸውን ማስጠበቅ

አካልን ጠብቆ ሰውየውን ብቸኛ ማድረግ ይቻላል፤ ንጹሕ ክፍል፣ ንጹሕ አልጋ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ፣ ግን ምንም የሚጠየቁት ነገር የለም። ስለዚህ ሥራ ይስጧቸው፤ የማስመሰያ ሳይሆን እርሳቸው ባይሠሩት የሚጎድል ሥራ። የልጅ ልጅን ማስጠናት፣ የቤተሰቡን ሰነድ ማስተካከል፣ ጠብ ሲነሣ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ማስታረቅ፣ የሚያውቁትን ሙያ ለወጣት ማሳየት ሊሆን ይችላል። ሮበርት በትለር የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ1963 እንዳስረዳው ያለፈውን ሕይወት ደጋግሞ ማስታወስ የመጃጀት ምልክት አይደለም፤ ሰው ሕይወቱን የሚመዝንበትና የሚያስማማበት ተፈጥሯዊ መንገድ ነው። ደጋግመው ያወሩትን ታሪክ በድምፅ መቅረጫ ይያዙት፣ ያልተነገረውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ አድማጭ ያገኘ ታሪክ ይሰፋል። በዕድሜ ምክንያት ሰውን ዝቅ ማድረግን እንደ ዘር መድልዎ ሁሉ በስም ለይቶ በ1969 ያወጣውም ይኸው ሐኪም ነው።

ከቤት ውጭም ያለውን ያስቡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆዎች በአምስት ርእሶች ሥር ተመድበዋል፦ ራስን መቻል፣ ተሳትፎ፣ እንክብካቤ፣ ራስን ማሳደግና ክብር። አገልግሎት በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት መቀመጫ ማዘጋጀት፣ ማስታወቂያን በትልቅ ፊደል ማተም፣ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት በሰው ጭምር እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ደረጃ 11፦ ገንዘብ፣ ሰነድና ከበደል መጠበቅ

ውክልና፣ ኑዛዜና የሕክምና ምርጫ የሚጻፉት ሰውየው አእምሯቸው ሙሉ በሆነበት ጊዜ ነው፤ የመርሳት በሽታ ከጠነከረ በኋላ ሕጋዊነታቸው ያከራክራል። የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ በውክልናው የሚሠራ ሰው የገቢና የወጪ መዝገብ ይያዝ፣ መዝገቡንም ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ይዩት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከስድስቱ አንዱ ያህሉ ባለፈው አንድ ዓመት በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ዓይነት በደል ደርሶባቸዋል። በዳዩ ብዙ ጊዜ የሚታመን ሰው ነው። ምክንያቱ የማይገለጽ ሰንበር፣ በድንገት የተለወጠ ኑዛዜ፣ የባንክ ደብተርን የያዘ ሰው ሌሎችን ከጥየቃ መከልከሉ፣ አረጋዊው በአንድ ሰው ፊት ብቻ ዝም ማለታቸው ሊታለፉ የማይገቡ ምልክቶች ናቸው። ብቻቸውን ያነጋግሯቸው፤ አደጋው ቅርብ ከሆነ ለሚመለከተው የሕግ አካል ያሳውቁ።

ደረጃ 12፦ ተንከባካቢውን ማሳረፍ

የደከመ ተንከባካቢ መድኃኒት ይሳሳታል፣ ይቆጣል፣ በኋላም በጸጸት ይታመማል። እንቅልፍ ማጣት፣ የራስን ሐኪም ቀጠሮ መሰረዝ፣ አረጋዊው ሲጠሩ ከመነሣት በፊት የሚመጣ ንዴት ዕረፍት እንዳለፈበት የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ዕረፍት በልመና የሚገኝ ሳይሆን በደረጃ 3 በተጻፈው ክፍፍል ውስጥ ቀኑ ተቆርጦ የተቀመጠ ይሁን።

ሌላ ሰው መተካት እንዲችል አንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጁና ሁሉም በሚያየው ቦታ ያኑሩ። በላዩ ላይ የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ የሐኪሙና የቅርብ ቤተሰብ ስልክ፣ ከአልጋ እንዴት እንደሚነሡ፣ የትኛው ጆሮ የተሻለ እንደሚሰማ፣ ምን ራሳቸው እንደሚሠሩና እንዳይሠራላቸው የሚፈልጉት፣ ሲከፋቸው ምን እንደሚያረጋጋቸው ይጻፍ። ጽሑፉን ከእርሳቸው ጋር ሆነው ያዘጋጁ፤ በየሦስት ወሩ ወይም ከእያንዳንዱ የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ደግሞ በደረጃ 1 ከተዘጋጀው ዝርዝር ጋር አስተያይተው ያድሱት፤ አቅም እንደሚቀንስ ሁሉ ከሕመም በኋላ የሚመለስበት ጊዜም ስላለ፣ ለጊዜው የተወሰደ ሥራ ካለ ለባለቤቱ ይመለስ።